ትንሿ ማሳደጊያ የምትገባበት ቀን

በአጎቴ ቤት ሰው የሚነሳው ተቀምጦ ነበር። «ቁጭ ይበሉ፣ ላንሳዎት» ይላል አጎቴ። ደንበኛው ቁጭ ይልና ተነስቶ ይሄዳል። ፊልም ያለ ሳሙና ይታጠባል፤ ያለ እሳት ይቃጠላል። ፎቶ ደግሞ እግር ሳይኖረው ይወጣል፤ «አልወጣም» የተባለ ቀን ጠብ ነው። ፎቶ አንሺ ቤት ያደገ ልጅ ቋንቋውን ሁለት ጊዜ ይማራል፤ አንዴ እንደ ሰፈሩ ሰው፣ አንዴ እንደ ቤቱ። ይህ የምነግራችሁ ነገር የደረሰው ሁለተኛውን ገና ጀምሬ ሳልጨርስ ነው።

እናትና አባቴ የሞቱት ክፉና ደግ ሳልለይ ነው። የማላውቀው ሰው አይናፍቀኝምና ደስተኛ ልጅ ነበርኩ። የወሰደኝ የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ረጅም፣ ጣቶቹ በኬሚካል የወየቡ፣ ወሬ ከጀመረ ሻዩ እፊቱ የሚቀዘቅዝበት፣ ሚስት ያላገባ ሰው። ቤታችን መንገድ ዳር ነበር። ከፊት ስቱዲዮው፣ ከኋላ መኝታችን፣ በመሃል መስኮት የሌላት ጨለማ ክፍል። ጨለማ ክፍል መግባት ለእኔ ክልክል ነው። አጎቴ «በሩን የከፈተ ሰው ያቃጥልብኛል» ይል ስለነበር፣ ውስጡ እሳት ያለ ይመስለኝ ነበር። ስም ነበረኝ፤ ነገር ግን በቤቱ ያለ ሰው ሁሉ የሚጠራኝ «ትንሿ» እያለ ነው።

ከስቱዲዮው መስኮት ሥር እትዬ ቀለም ትቀመጣለች። ይህም ስሟ አይደለም፣ ሥራዋ ነው። ያኔ ፎቶ ጥቁርና ነጭ ብቻ ስለነበር፣ ከንፈሩ እንዲቀላ ወይም ቀሚሷ ሰማያዊ እንዲሆንላት የፈለገ ሁሉ ወደ እሷ ይላካል፤ በጥጥና በቀጭን ብሩሽ ትቀባለታለች። ኔጋቲቭ ላይ ያለውን ጭረትም በእርሳስ ታጠፋለች። ጠዋት ትመጣለች፣ ሲመሽ ወደ እናቷ ቤት ትሄዳለች። ምላሷ ከመቀሷ የባሰ ስለታም ነበር። አንድ ቀን ፊቱን ቋጥሮ የተነሳ ደንበኛ «ትንሽ ፈገግ አድርጊኝ» ቢላት፣ «እኔ ቀለም እንጂ ጠባይ አልቀባም» አለችው። አጎቴ ሳቁን ለመደበቅ ጥቁሩ ጨርቅ ውስጥ ገባ።

ጥቁሩ ጨርቅ የትልቁ ካሜራ ነው። በሦስት እግሩ የቆመ የእንጨት ካሜራ ሲሆን፣ አጎቴ ጨርቁን ተከናንቦ ከኋላው ሲያጎነብስ አምስት እግር ያለው እንስሳ ይመስለኝ ነበር። ሌላዋ ሳጥኗ ናት፤ ስሟም ሳጥን፣ መልኳም ሳጥን። ከኋላዋ ክብ ቀይ መስኮት አለቻት። ፊልሙ ሲጠመዘዝ በዚያች መስኮት ቁጥር ብቅ ይላል፤ ቁጥሩ መሃል ላይ መጥቶ እስኪቆም ትንፋሼን እይዛለሁ። ፊልም እንደ ልብ የሚገኝ ነገር አልነበረምና፣ የሰፈር ልጆች ሲለምኑት አጎቴ ባዶዋን ቀጭ እያደረገ ይሸኛቸዋል። እነሱም ተነሳን ብለው በደስታ ይሄዳሉ። ሦስተኛው እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጋና የሚታጠፍ ካሜራ ነው። መክፈቻው ተበላሽቶ ጥግ ላይ አቧራ ይጠጣል።

ያኔ ፎቶ የሚወጣው በኔጋቲቩ ልክ ነው። ትንሽ ኔጋቲቭ፣ ትንሽ ፎቶ፤ ክርክር የለም። ከመንገዱ ማዶ አዲስ ስቱዲዮ ተከፍቶ መስኮቱ ላይ በር የምታህል ሙሽራ እስኪሰቅል ድረስ ይህን የከፋ ነገር ነው ያለ ሰው አልነበረም። ማዶ ያለው ሰውዬ ፎቶ የሚያተልቅ ማሽን ነበረው። ደንበኞቻችን ዓይናቸውን እየሰበሩ መንገዱን መሻገር ጀመሩ። አጎቴ ለጥቂት ቀናት ሻዩን በትኩሱ ጠጣ። ከዚያ አንድ ቀን ተነስቶ የተበላሸውን ታጣፊ ካሜራ፣ አንድ አምፖልና የቤቱን ትልቅ ድስት ይዞ ጨለማ ክፍል ገባ።

የሚሠራውን ማሽን «ማሳደጊያ» ነበር የሚሉት። እኔ ግን የማውቀው ማሳደጊያ ከመንገዱ ጫፍ ያለውን ነው። ግንቡ ረጅም፣ በሩ ሁልጊዜ ዝግ። ወላጅ የሌላቸው ልጆች አንድ ዓይነት ግራጫ ሹራብ ለብሰው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ከዚያ ይወጣሉ፤ ሁለት ሁለት ሆነው ይመለሳሉ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው «እዚያ የገባ ልጅ እስኪያድግ አይወጣም» ብሎኛል። ማደግ ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስጠብቅ ከራሴ አውቃለሁ። የወለቀው የፊት ጥርሴ እንኳ ለመብቀል አላሰበም ነበር።

አንድ ከሰዓት በኋላ አጎቴና እትዬ ቀለም ጨለማ ክፍል ውስጥ ሆነው ያወራሉ። እኔ በሩን ተደግፌ ዳቦ እበላለሁ።

«በቃ፣ ማሳደጊያው ደርሷል» አለ አጎቴ። «መጀመሪያ ማንን እንደማስገባ ታውቂያለሽ? ትንሿን።»

«ትንሿን?» አለች እትዬ ቀለም። «ከደንበኞቹ አንዱን ብትሞክር አይሻልም? እሷ ብትበላሽስ? ሌላ የለህም።»

«አትበላሽም። ደግሞስ እስከ መቼ እንዲህ ሚጢጢ ሆና ትቀራለች?»

«ጉንጯ ላይ ጭረት አለ።»

እጄን ወደ ጉንጬ ሰደድኩ። እውነቷን ነው፤ የሰፊው ድመት ቧጭራኛለች።

«እሱን አንቺ ትሸፍኚዋለሽ» አለ አጎቴ። «በደንብ ትታጠባለች፣ ትደርቃለች፣ ከዚያ መስኮቱ ላይ እሰቅላታለሁ። ማዶ ያለው ሰውዬ ይይልኝ!»

«ሰቅለህ ደግሞ እንዳትሸጣት!» አለች እትዬ ቀለም። ተሳሳቁ።

የቀረውን ዳቦ ኪሴ ውስጥ ከተትኩ።

ትንሿ ያሏት በሳጥኗ የተነሳሁት ኔጋቲቭ ነበረች፤ መዳፍ የማትሞላ፣ ጉንጯ ላይ የተጫረች። ይህን ዛሬ ለመናገር ቀላል ነው። ያን ቀን ግን የሰማሁት ታጥቤ እንደምሰቀል ነው። ለምን መስኮት ላይ እንደሆነ ብቻ አልገባኝም።

አላለቀስኩም። ማሳደጊያ የሚገባው ያላደገ ልጅ ከሆነ መፍትሔው ግልጽ ነው፤ ቶሎ ማደግ። እትዬ ቀለም ሥራ ስትጀምር ጫማዋን ታወልቃለች። በማግስቱ ጠዋት ባለ ተረከዙን ጫማዋን አጥልቄ በር ላይ ቆምኩና ደንበኛ መቀበል ጀመርኩ። «እንደምን አደሩ? ቤተሰብ ደህና? ኑሮ እንዴት ይዞዎታል?» ልጇን ልታስነሳ የመጣች አንዲት እናት «ውይ ስታምር!» ብትለኝ፣ «ደህና ነኝ፣ ወገቤን ብቻ ነው የሚያመኝ» አልኳት።

ከዚያ እየተንገዳገድኩ ሰፊው ዘንድ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ቀሚሴን ያስረዝሙልኝ።»

«ለምን? ልክሽ ነው እኮ።»

«እሱን ነው የምልዎት። አድጌ ጨርሻለሁ።»

መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ ዝቅ አድርጎ አየኝ። «መቼ?»

«ትናንት።»

«እኔን ጉድ! ሳላይሽ አለፈኝ በይኛ! ጥርስሽስ?»

«እሱ መንገድ ላይ ነው።»

«እንግዲያው እሱ ይድረስና ሁሉንም አንድ ላይ እንለካለን» አለና መርፌውን አነሳ። ሳቁን የዋጠ መሆኑ አሁን ነው የሚገባኝ። ያኔ ግን የሰው ችግር የማይገባው ክፉ ሰው መሰለኝ።

ስመለስ ስቱዲዮው ውስጥ እንግዳ ነበረች። ነጭ ጓንት ያደረገች፣ ቀጥ ብላ የምትቀመጥ ሴት። የአባቴ ታላቅ እህት ናት። ከሌላ ከተማ በዓመት አንዴ ትመጣለች፤ ስትስመኝ ጉንጬን በጣቷ ትመዝናለች። አጎቴና እሷ ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረው ስለነበር ሳያዩኝ ሹልክ ብዬ ትልቁ ካሜራ ጨርቅ ሥር ገባሁ፤ ከኋላው ባለው በርጩማ ላይም ወጣሁ።

ከዚያ ካሜራ ኋላ የደበዘዘ መስታወት አለ። ሌንሱ ክፍት ከሆነ ፊት ለፊት ያለው ነገር ሁሉ እዚያ ላይ ተገልብጦ ይታያል። አክስቴ ከጣሪያ ላይ ተንጠልጥላ ሻይ ትጠጣለች፤ ሻዩ አይፈስም። አጎቴ በጭንቅላቱ ቆሞ እጁን ያሻሻል። እትዬ ቀለም ከላይ ጥግ ላይ ሆና አንድ ቦታ ደጋግማ ትቀባለች።

«ነገሩን ላሳጥረው» አለች አክስቴ። «ማሳደጊያ ቦታ ይዤላታለሁ።»

አጎቴ እጁን ማሻሸቱን አቆመ።

«ክፉ ቦታ አይደለም። እኔው የምሠራበት ነው፤ ከዓይኔ አትርቅም። ይህን ቤት ግን ራስህ ተመልከተው። ኬሚካል ይሸታል። ሴት የለበትም። ሴት ልጅ ያለ ሴት እንዴት ብላ ታድጋለች?»

«አሳድጋታለሁ» አለ አጎቴ።

«እስካሁንማ አሳደግህ፤ ብድርህን ይክፈለው። ከእንግዲህስ? ሚስት ልታገባ ነው? እንዲያ ከሆነማ እኔ ምን ቸገረኝ፣ መርቄ እሄዳለሁ።»

ከዚህ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። «አልገባም!» ብዬ ጨርቁን ገፍፌ ብቅ አልኩ። ባለ ተረከዙ ጫማ አዳለጠኝና የካሜራውን እግር አቀፍኩ። አጎቴ ዘሎ በአንድ እጁ ካሜራውን፣ በሌላው እኔን ያዘ።

«አድጌ ጨርሻለሁ! ማሳደጊያ አልገባም! ታጥቤም አልሰቀልም!»

አክስቴ ስኒዋን አስቀመጠች። «የምን መሰቀል?»

«መስኮት ላይ ነው የሚሰቅለኝ» አልኳት፤ አሁን ማልቀስ ጀምሬያለሁ። «እትዬ ቀለም ደግሞ ጉንጬን ትቀባኛለች።»

«ሰማህ?» አለች አክስቴ ወደ አጎቴ ዞራ። «እንግዲህ ይኸው ነው የምልህ።»

አጎቴ መጀመሪያ ግራ ገባው፤ ቀጥሎ ነገሩ ገባው፤ ቀጥሎ ሳቁ መጣ፤ እሱን ዋጠው። ጫማውን ከእግሬ አወለቀና ብድግ አደረገኝ። «ነይ፣ ማሳደጊያውን አሁኑኑ ላሳይሽ። እርስዎ አንድ ጊዜ ይታገሡኝ።»

እንዲህ ሆኖ ነው መጀመሪያ ጨለማ ክፍል የገባሁት። እሳት አልነበረም። አንዲት ቀይ መብራትና ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚል ሽታ ነበር። የኛ ድስት ተደፍቶ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሏል፣ በሆዱ አምፖል ይዟል። ከሥሩ የአሮጌው ካሜራ አኮርዲዮን እንደ አንገት ወርዷል። አጎቴ ትንሿን ኔጋቲቭ ከመሃል አስገባና አምፖሉን አበራ። ጠረጴዛው ላይ ፊቷ የጠቆረ፣ ፀጉሯ የነጣ ትልቅ ልጅ ተኛች። ፈርቼ አጎቴ አንገት ሥር ተሸጎጥኩ።

«ቆይ፣ ገና ናት» አለ። ወረቀት ዘረጋ፣ በአፉ የሆነ ነገር ቆጠረ፣ መብራቱን አጠፋ። ወረቀቱን ሳህን ላይ ባለው ኬሚካል ውስጥ ነከረው። ባዶ ነው። ባዶ ነው። ከዚያ የሆነ ጥላ ላይ ዓይን መጣ። ሌላ ዓይን። ከንፈር። ከሁሉ በላይ ጎልቶ የወለቀው ጥርሴ ቦታ መጣ፤ ዋሻ አህሏል።

«እኔ ነኝ!»

«አንቺ ነሽ። ማሳደጊያ ማለት ይኸው ነው። የምታድገው ፎቶዋ ናት። አንቺ እንዳለሽ ነሽ።»

«የትም አልሄድም?»

ፎቶውን በመቆንጠጫው ወዲያ ወዲህ እያደረገ፣ ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ ቆየ። ፎቶው እንዳይበላሽበት ሲጠነቀቅ ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ በቀይ ብርሃን ውስጥ ፈገግ ሲል አየሁት። «የትም አትሄጂም» አለኝ።

ስንወጣ ፎቶው ውሃ ያንጠባጥብ ነበር። አክስቴ ተነስታ ቆማለች፤ ጓንቷን አውልቃለች። ጨርሶ ሌላ ሰው ሆናለች።

«እንኳን ደስ ያለህ!» አለችው። «ምነው ቀድመህ ብትነግረኝ? ይህን ሁሉ ባልተናገርኩ!»

«አመሰግናለሁ» አለ አጎቴ። «ገና ዛሬ ነው እኮ የተሳካልኝ።»

«ለመሆኑ የት ሆና ነው እስካሁን ያላየሃት?»

«እዚሁ እኮ ነበረች። ከዓይኔ ሥር፣ እዚያ ጥግ ላይ። ልብ ሳልላት ቆየሁ።»

«ወንዶች!» አለች አክስቴ።

«ዕድሜዋ ገፋ ብሏል» አለ አጎቴ። «ትንሽም ቶሎ ትግላለች። ሥራዋ ግን እንከን የለውም።»

የእትዬ ቀለም ብሩሽ ከእጇ ወደቀ። አክስቴ አፏን በመዳፏ ያዘች። «እንዲህ ይባላል እንዴ፣ ፊት ለፊቷ?»

ማሽን ይህን ያህል መከበሩ ገርሞኝ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላውን አየሁ። አክስቴ ሁላችንንም አቅፋ ስማ፣ ጉንጬን ሳትመዝን፣ ብቻዋን ተሳፍራ ሄደች። ፎቶዬ መስኮት ላይ ተሰቀለች። ማዶ ያለው ሰውዬ መንገዱን ተሻግሮ መጥቶ አያት፤ «ጥርሷን ምን ሆነች?» ብሎም ጠየቀ። ጥቂት ቆይቶ አጎቴና እትዬ ቀለም ተጋቡ። እኔ ሁሉንም በራሴ መንገድ አያያዝኩት፦ አክስቴ የመጣችው ማሽኑን ልታይ ነው፤ ማሽኑ ሠራ፤ ማሽኑ ስለሠራም ሰርግ ሆነ።

አድጌ ሩቅ አገር ሄጄ ፎቶግራፍ ተማርኩ። እዚያ ይህን ታሪክ በተገኘሁበት ሁሉ እንደ ቀልድ አወራዋለሁ። አንድ ቃል ሁለት ነገር ማለት እንደሆነ መጀመሪያ ማስረዳት ስላለብኝ የሚስቀው ሰው በትህትና ነው የሚስቀው። ትምህርቱ ከካሜራው ይበልጥ ያስተማረኝ ነገር ቢኖር መጠራጠር ነው፤ ያየሁትን ፎቶ ሁሉ ከፍሬሙ ውጭ ምን ነበር እያልኩ መነዝነዝ። ከተመለስኩ ወዲህም ይኸው አመል አልለቀቀኝም። ባለፈው ሰሞን እትዬ ቀለም ዘንድ ተቀምጬ ታሪኩን እንደገና ሳወራላት፣ መሃል ላይ አንድ ነገር ያዘኝ።

«እትዬ፣ ማሽን እኮ ቦታ አይያዝለትም» አልኳት።

«ምን አልሽ?»

«አክስቴ 'ማሳደጊያ ቦታ ይዤላታለሁ' ነው ያለችው። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

እትዬ ቀለም መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገች። «ይህን ሁሉ ዘመን ተምረሽ ገና ዛሬ ገባሽ?» አለችኝ።

ከዚያ ነገረችኝ። አጎቴ ይዞኝ ሲገባ ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። አክስቴ ልብሴን እንድታዘጋጅላት እትዬ ቀለምን አዘዘቻት፤ ማታውኑ ይዛኝ ልትሄድ።

«እኔም ዓይኔን በጨው ታጥቤ፣ 'ሴት የለም ያለዎት ማነው? እኔና እሱ ልንጋባ ነው' አልኳት። ተነጋግረን ይመስልሻል? ከአጎትሽ ጋር ከሥራ ውጭ አንድ ቀን ሻይ አልጠጣንም! ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ወዲያው እናንተ ወጣችሁ። እሷ ስለ እኔ እንኳን ደስ ያለህ ትለዋለች፣ እሱ ሆዬ ስለ ድስቱ ይመልሳል! ዕድሜዋ ገፋ ብሏል ሲል መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።»

ሁለታችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። ሳቁ ሲያልቅ ግን የኔ ነገር፣ ጥርጣሬው መጣ። «ለእኔ ስትዪ ነው ያገባሽው ማለት ነው?»

«ወግጂ!» አለችኝ። «ስንት ዘመን ያቺ መስኮት ሥር የተቀመጥኩት ለቀለም ብዬ ይመስልሻል? ያኔ ሴት ልጅ እንዴት ብላ ትጠይቃለች? ሰበብ ነበር ያጣሁት። ስለ አንቺ ፈራሁ፣ ሰበቡም መጣ፤ ሁለቱ በአንድ አፍ ወጡ።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «የኔንማ አውቀዋለሁ። የሱን ነው የማላውቀው። ማታውን ዋሽቻለሁ ብዬ ስነግረው፣ 'እንግዲህ ሴትዮዋን አናሳፍራት' ብቻ ነው ያለኝ። ወዶኝ ይሁን አፍሮ፣ ይኸው እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።»

ይህን ስትል አጎቴ ከጓሮ ገብቶ በር ላይ ቆሞ ነበር። አርጅቷል፤ ጎብጧል፤ ጣቶቹ ግን አሁንም ወይበዋል። ሻዩን ቀስ ብሎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ጨለማ ክፍል የገባ ሰው ዓይኑ እንጂ ጆሮው አይጨልምም» አለ።

እትዬ ቀለም ዞረች። «ማለት?»

«'ሴት የለም ያለዎት ማነው' ስትያት ሰምቼሻለሁ። ቀጥሎ ያለውንም ሰምቻለሁ። ፎቶውን ከኬሚካሉ ማውጣት ረስቼ ትንሿ ልትጠቁርብኝ ነበር።»

«ታዲያ... 'ከዓይኔ ሥር ነበረች' ያልከው?»

«አንቺን ነው።»

«'ልብ ሳልላት ቆየሁ'?»

«አንቺን።»

«'ዕድሜዋ ገፋ ብሏል' ያልከውስ?»

አጎቴ ጥቂት አሰበ። «እሱ እንኳ ካሜራውን ነው» አለ።

«ይህን ሁሉ ዘመን ለምን ዝም አልከኝ?»

«አልጠየቅሽኝማ።»

እትዬ ቀለም ከወንበሯ ተነሳች። ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ፊቱ ቆመች። «እሺ፤ ያኔ ያልጠየቅሁህን አሁን ልጠይቅህ። ታገባኛለህ?»

አጎቴ እስከ ጆሮው ቀላ። መጀመሪያ ወደ እኔ፣ ቀጥሎ ወደ ክፍቱ በር አየ።

«ኧረ ቀስ በይ» አላት፣ «ሰው ይሰማል።»